የጎንኩር ወንድማማቾች ኑዛዜ

በፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ዓለም እጅግ የሚፈለገውም እጅግ የሚታማውም ሽልማት አንድ ነው፤ ጎንኩር ይባላል። ለአሸናፊው የሚቆረጥለት ቼክ አሥር ዩሮ ነው። አንባቢ ዜሮ የተረሳ እንዳይመስለው፤ አሥር ዩሮ ብቻ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ ደኅና ምሳ አያበላም። ያው ሽልማት ግን አንድን ልቦለድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ቅጂ ያስሸጣል። በ2020 የተሸለመው የኤርቬ ለ ቴልዬ «ላኖማሊ» ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጎንኩር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሽያጩ ጉዳይና የአሳታሚዎች ሽኩቻ ነው። እኔን ግን ዘወትር የሚስበኝ መነሻው ነው። የዚህ ሁሉ ግርግር መነሻ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ሞተ፣ ሌላው ብቻውን ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ፤ ልጅም ወራሽም ስላልነበረው ያለውን ሁሉ ለደራሲያን ተናዘዘ።

ኤድሞን ደ ጎንኩር በ1822 ናንሲ ከተማ፣ ታናሹ ዡል በ1830 ፓሪስ ተወለዱ። አባታቸው የናፖሌዎን ጦር መኮንን የነበረ ሲሆን በልጅነታቸው ሞተባቸው። እናታቸው በ1848 በሞት አልጋዋ ላይ ሳለች የዡልን እጅ ይዛ በኤድሞን እጅ ላይ እንዳኖረችው ይነገራል፤ የኤድሞንም ቀሪ ሕይወት ያንን አደራ ሲጠብቅ ያለፈ ይመስላል። በወቅቱ ኤድሞን በመንግሥት ግምጃ ቤት ተቀጥሮ የሚጠላውን ሥራ ይሠራ ነበር። የእናታቸው ውርስ ባለጸጋ ባያደርጋቸውም ያለ ቅጥር ለመኖር ያስችላቸው ነበርና ወዲያው ሥራውን ለቀቀ። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ኑዛዜው ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ነፃ ሰዎች የሆኑት በችሎታቸው ሳይሆን በውርስ ነው፤ ኤድሞንም ይህን መቼም አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ እንደ አንድ ሰው ኖሩ። በአንድ ቤት አደሩ፣ በአንድ ጠረጴዛ ጻፉ፣ በመጻሕፍቶቻቸው ሽፋን ላይ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የትኛው ዐረፍተ ነገር የማን እንደሆነ ዛሬም ድረስ ለመለየት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔ ድካሙ ከንቱ ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ «ወንድም ጋሻ» ይባላል፤ እነሱ ዘንድ ወንድም ብዕርም ነበር።

ጀማሪ ደራሲ መጽሐፉ የሚወጣበትን ቀን እንዴት እንደሚጠብቅ የቀመሰ ያውቀዋል። የወንድማማቾቹ የመጀመሪያ ልቦለድ የወጣው ዲሴምበር 2 ቀን 1851 ነው። በዚያው ዕለት ሉዊ ናፖሌዎን መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። ፓሪስ በወታደር ተጥለቅልቃ ማን ልቦለድ ይገዛል? ይባስ ብሎ የመጽሐፉ ርእስ «በ18..» የሚል ነበርና አታሚው የታላቁን ናፖሌዎን የብሩሜር 18 መፈንቅለ መንግሥት የሚጠቅስ አሽሙር ይመስልብኛል ብሎ ፈራ፤ የማስታወቂያ ወረቀቶቹን እሳት ውስጥ ጨመራቸው። ወንድማማቾቹ በዚያው ዕለት «ዡርናል» የተባለውን የዕለት ማስታወሻቸውን ጀመሩ። ያልተነበበው ልቦለድ ተረሳ፤ ማስታወሻው ግን ከጻፉት ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ሥራ ሆነ።

መከራው በዚህ አላበቃም። በ1853 አንድ ጋዜጣ ላይ ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ጥቂት ስንኞች በመጥቀሳቸው የሕዝብን ግብረ ገብ ነክታችኋል ተብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ስንኞቹ ቀደም ሲል ስመ ጥሩው ሐያሲ ሴንት-ብቭ በመጽሐፉ ያሳተማቸው ነበሩ፤ እሱን ግን ማንም አልነካውም። በነፃ ተለቀቁ፤ ሆኖም ቂሙ አልለቀቃቸውም። በ1865 ለመድረክ ያበቁት «አንርየት ማሬሻል» የተባለ ቲያትራቸው በተመልካች ፉጨትና ጩኸት ተረብሾ ወረደ።

በዚያው ዓመት ግን «ዤርሚኒ ላሴርቱ» የተባለውን ልቦለድ አወጡ። ታሪኩ ከቤታቸው የወጣ ነው። ሮዝ የምትባል ከልጅነታቸው ጀምሮ ያገለገለቻቸው ሠራተኛ ነበረቻቸው፤ በ1862 ስትሞት እንደ እናት አለቀሱላት። ከቀብሯ በኋላ ግን የማያውቋት ሌላ ሮዝ እንደነበረች ሰሙ፤ ፍቅረኞቿን ለማስደሰት ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀች፣ በስውር የምትጠጣ፣ ከእነሱም የምትሰርቅ ሴት። ሰውን በመመልከት እንመጻደቃለን የሚሉ ሁለት ደራሲዎች በየቀኑ ምግባቸውን የምታቀርብላቸውን ሴት አላዩአትም ነበር። ከዚህ ድንጋጤ የተወለደው ልቦለድ የቤት ሠራተኛን ዋና ገጸ ባሕርይ አደረገ፤ በመቅድሙም ላይ የታችኛው መደብ ሰው የልቦለድ ባለቤት የመሆን መብት አለው ሲሉ ተከራከሩ። ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ወጣት የነበረው ኤሚል ዞላ መጽሐፉን በአድናቆት ጻፈለት። ዞላ ኋላ በዚያው መንገድ ሄዶ ስሙ ከእነሱ ስም በላይ ናኘ፤ ኤድሞንም ይህን ይቅር አላለውም።

ዡል በጁን 1870 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሞተ። በሽታው ቂጥኝ ነበር፤ በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረውም። ኤድሞን የወንድሙን አወዳደቅ ቀን በቀን መዝግቦታል። ቃል ሲመርጥ የኖረ ሰው ቃላት እንዴት አንድ በአንድ እንደከዱት፣ አንደበቱ እንዴት ወደ ሕፃን አንደበት እንደተመለሰ የጻፈባቸው ገጾች በማስታወሻው ውስጥ እጅግ የሚከብዱት ናቸው። እኔ በአንድ ጊዜ ልጨርሳቸው አልቻልኩም። ወንድሙ እየሞተ ብዕር ማንሣቱ ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ያ ማስታወሻ የሁለቱ ነበርና አንደኛው ሲያቆም ሌላው ለሁለቱም መጻፍ ነበረበት። ኤድሞን ማስታወሻውን ለመዝጋት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን አልቻለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ፕሩሲያውያን ፓሪስን ሲከቡ ረሃቡንና የመድፉን ድምፅ እየመዘገበ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የምናገኘው ኤድሞን በኦተይ ሠፈር ባለው ቤቱ ውስጥ በሥዕሎች፣ በአሮጌ መጻሕፍትና በጃፓን ዕቃዎች ተከቦ የሚኖር ብቸኛ ሰው ነው። ጃፓናዊውን ሠዓሊ ኡታማሮን በ1891፣ ሆኩሳይን በ1896 ለፈረንሳይ አንባቢ ያስተዋወቁ መጻሕፍት ጽፏል። ከ1885 ጀምሮ የቤቱን የላይኛ ፎቅ አስተካክሎ እሑድ እሑድ ደራሲያንን ይቀበል ነበር፤ ቦታው «ግርኒዬ» ይባላል፤ ቆጥ እንደማለት ነው። አልፎንስ ዶዴ፣ ኡይስማንስ፣ ሚርቦ፣ ዠፍርዋና ሌሎችም እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። የሽልማቱ ማኅበር ገና ስም ሳይወጣለት የተጠነሰሰው በዚህ ቆጥ ላይ ነው።

ስለ ሰውየው ባሕርይ ዝም ብዬ ባልፍ ግን እንደ መሸፋፈን ይቆጠርብኛል። ኤድሞን ቂመኛ ነበር፤ በማስታወሻው ውስጥ ስለ ሴቶችም ስለ አይሁድም የጻፋቸው አስነዋሪ ቃላት አሉ። ከ1887 ጀምሮ የማስታወሻውን ከፊል ሲያሳትም ወዳጆቹ በማዕድ ላይ ያወሩትን በአደባባይ አገኙት፤ ታላቁ ሊቅ ኤርኔስት ረናን በቁጣ ተቃወመው። የመልካም ነገር መሥራች ሁሉ መልካም ሰው መሆን አለበት ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከአሁኑ ተስፋ ይቁረጥ።

ወደ ኑዛዜው ልምጣ። በ1635 በካርዲናል ሪሼልዩ የተመሠረተው የፈረንሳይ አካዳሚ አርባ አባላት አሉት፤ «ዘላለማውያን» ይባላሉ። ባልዛክን ግን አልተቀበለም። ቦድሌርም በ1861 አመልክቶ፣ እንደማይሆንለት ሲያይ ራሱን አገለለ። የጎንኩር ወንድማማቾች ዡል በሕይወት ሳለ ጀምሮ ከዚህ ተቋም ፊት ለፊት የሚቆም ሌላ ሸንጎ ያልሙ ነበር። ኤድሞን ሐሳቡን ለዓመታት እያሻሻለ በኑዛዜ አሰፈረው። ንብረቱ ይሸጥ፤ በገንዘቡ አሥር አባላት ያሉት የደራሲያን ማኅበር ይቋቋም፤ እያንዳንዱ አባል በየዓመቱ ስድስት ሺህ ፍራንክ ይታሰብለት፤ ማኅበሩ በየዓመቱ በስድ ንባብ ለተጻፈ አንድ የፈጠራ ሥራ አምስት ሺህ ፍራንክ ይሸልም። ከአባልነት የሚከለከሉት ደግሞ ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ መኳንንት፣ ፖለቲከኞችና የፈረንሳይ አካዳሚ አባላት። (ሽልማቱ ገጣሚያንን ማስቀረቱ እኔን የቅኔ አገር ልጅ ቅር ያሰኘኛል፤ ገንዘቡ ግን የሰውየው ነው።)

ስድስት ሺህ ፍራንክ ለምን? የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ የነበረው ኤድሞን እዚህ ላይ ነው የሚናገረው። ደራሲ ለዕለት እንጀራው ቢሮ ገብቶ እንዳይጃጅ፣ ለጋዜጣ ሲጽፍ ጉልበቱን እንዳይጨርስ ፈለገ። እናቱ ለእሱ ያደረገችለትን እሱ ለአሥር ሰዎች ሊያደርግ ተመኘ። ሽልማቱም ለወጣት፣ ለአዲስ፣ ለደፋር ብዕር እንዲሆን አሳሰበ። ሥዕሎቹና መጻሕፍቱ ሙዚየም እንዲገቡ አልፈቀደም፤ ሙዚየምን እንደ ቀዝቃዛ መቃብር ይቆጥረው ነበርና በጨረታ ተሸጠው ለሚወዷቸው ሰዎች እንዲበተኑ አዘዘ። የአባላቱን ስም ዝርዝር ደጋግሞ ሰርዟል፤ ፍሎቤር በ1880 ስለሞተ ወጣ፤ ዞላ የፈረንሳይ አካዳሚን ወንበር መመኘት ሲጀምር ስሙ ተፋቀ። ዞላ ያንን ወንበር እየደጋገመ ለመነ፤ አላገኘውም። ከሁለቱም ማዕድ ሳይቀምስ ሞተ።

ኤድሞን በጁላይ 1896 በዶዴ ቤት በእንግድነት ሳለ ሞተ። ኑዛዜው ሲከፈት የስምንት ደራሲያን ስም ተገኘበት፤ አልፎንስ ዶዴ፣ ኡይስማንስ፣ ኦክታቭ ሚርቦ፣ ሁለቱ የሮኒ ወንድማማቾች፣ ሌዮን ኤኒክ፣ ፖል ማርገሪትና ጉስታቭ ዠፍርዋ። የቀሩትን ሁለት እነሱ ይምረጡ ተባለ። አስፈጻሚዎቹ ዶዴና ኤኒክ ነበሩ።

የሞተ ሰው ገንዘብ ባለበት ዘመድ አይጠፋም። የሩቅ ዘመዶች ተነሥተው ከሰሱ፤ ገና ያልተቋቋመ ማኅበር፣ በሕግ ፊት የሌለ አካል እንዴት ይወርሳል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ሕጉም ለማኅበራት የማይመች ነበር። የኑዛዜው ጠበቃ ሬይሞን ፓዋንካሬ ይባላል፤ ይህ ሰው ከ1913 እስከ 1920 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበረው ራሱ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1897 ለደራሲያኑ ፈረደ፤ ዘመዶቹ ይግባኝ አሉ፤ በ1900 ይግባኙም ወደቀ። በመካከሉ አልፎንስ ዶዴ በ1897 መጨረሻ ሞተና ልጁ ሌዮን ዶዴ ተተካ። ኤሌሚር ቡርዥና ሉሲየን ዴካቭ ተመርጠው አሥሩ ሞሉ። መንግሥት ማኅበሩን በይፋ ያወቀው በጃንዋሪ 1903 ነው። እንግዲህ ከኑዛዜው መከፈት እስከ ዕውቅናው ስድስት ዓመት ተኩል ፈጀ።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኡይስማንስ ሆነ። ይህ ሰው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ከሠላሳ ዓመት በላይ በጸሐፊነት የሠራ፣ ብዙዎቹን ድርሰቶቹን ከመዝገብ ክምር ሥር ተደብቆ የጻፈ ነው። ደራሲን ከቢሮ ለማዳን የተቋቋመው ማኅበር የመጀመሪያ መሪ ከቢሮ ጡረታ የወጣ ሰው መሆኑ ኤድሞንን ፈገግ ያሰኘው ነበር እላለሁ።

የመጀመሪያው ሽልማት ዲሴምበር 21 ቀን 1903 ተሰጠ። ተሸላሚው ጆን-አንትዋን ኖ ነው፤ ይህ የብዕር ስሙ ሲሆን ትክክለኛ ስሙ ኤዤን ቶርኬ ነበር። የተወለደው ሳን ፍራንሲስኮ፣ የኖረው በባሕር ላይና በደሴቶች ነው፤ ገጣሚም ነበር። «ፎርስ ኤንሚ» (ጠላት ኃይል እንበለው) የተባለውን ልቦለድ ያሳተመው በገዛ ገንዘቡ ነው። ታሪኩ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ውስጥ ነቅቶ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር በውስጡ እንደገባ የሚያውቅ ሰው ታሪክ ነው። ዛሬ ሽልማቱን ጨዋ፣ ለስላሳ፣ ለበዓል ስጦታ የሚሆን ልቦለድ ይመርጣል ብለው የሚያሙት ሁሉ ይህን ቢያስታውሱ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ጎንኩር የተሰጠው አሳታሚ ላልነበረው፣ ስሙ ላልታወቀ፣ እብደትንና ሕዋን ላዋሐደ ደራሲ ነው። ኑዛዜው በፊደሉም በመንፈሱም ከዚያ ዕለት ይበልጥ የተፈጸመበት ጊዜ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ኖ በ1918 ሞተ፤ መጽሐፉን ዛሬ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው።

ከዓመት በኋላ ጠብ ተነሣ። በ1904 ብዙዎች ሽልማቱን የጠበቁት ለሚርያም አሪ ነበር፤ ኢየሩሳሌም የተወለደች፣ «የኢየሩሳሌም ድል» የሚል ልቦለድ ያሳተመች ደራሲ ናት። አሥሩም ወንዶች የሆኑት ዳኞች ሽልማቱን ለሌዮን ፍራፒዬ ሰጡ። በዚያው ጊዜ ሃያ ሁለት ሴቶች በገጣሚዋ አና ደ ኖአይ ሰብሳቢነት የራሳቸውን ሸንጎ አቋቋሙ፤ መጀመሪያ በመጽሔታቸው ስም «ላ ቪ ኧረዝ» ተባለ፤ ኋላ ፌሚና ሆነ፤ የመጀመሪያ ሽልማታቸውንም ለሚርያም አሪ ሰጡ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ከአንድ አድልዎ ዛሬም የሚኖር ሌላ ትልቅ ሽልማት ተወለደ። ጎንኩር ራሱ ለሴት ደራሲ የተሰጠው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ ሞስኮ የተወለደችው ኤልሳ ትሪዮሌ የ1944ቱን ሽልማት በ1945 ተቀበለች። ብሪዢት ዢሮ በ2022 ስትሸለም አሥራ ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። ቁጥሩ ራሱ ይናገራልና እኔ አልጨምርበትም።

ኑዛዜው ለማን እንደተጻፈ ሳስብ ዘወትር ትዝ የሚለኝ ሻርል-ሉዊ ፊሊፕ ነው። የእንጨት ጫማ ሠሪ ልጅ፣ በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ዝቅተኛ ተቀጣሪ፣ ድሆችን ከውስጣቸው ሆኖ የጻፈ ደራሲ ነበር። ሚርቦ በተደጋጋሚ ተከራከረለት። አልሰጡትም፤ በ1909 በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። በ1913 ደግሞ የአላን-ፉርኒዬ «ለ ግራን ሞልን» ከብዙ ዙር ድምፅ በኋላ በማርክ ኤልደር ተሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ደራሲው ጦር ሜዳ ላይ ሞተ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ ግን የሁለቱ አንገት በእውነትም ረጅም ነበር።

ማኅበሩ ከ1914 ጀምሮ የሚሰበሰበው በጋዮን አደባባይ በሚገኘው ድሩዋን ምግብ ቤት ነው። እያንዳንዱ አባል ስሙ የተቀረጸበት ሹካና ቢላ አለው፤ ሲሞት ወንበሩንና ማዕዱን ለተተኪው ያወርሳል። ነገሩ ከአካዳሚ ይልቅ የእኛን ጽዋ ማኅበር ይመስለኛል። ያ ስድስት ሺህ ፍራንክ የዓመት አበልስ? የጨረታው ገቢ ከታሰበው ስላነሰ ገና ከጅምሩ ተቀነሰ፤ የቀረውን የገንዘብ ግሽበት በላው። አምስት ሺህ ፍራንክ የነበረው ሽልማት በቁጥር እንዳለ ቆየ፤ በ1960 ፍራንክ ሲቀየር ሃምሳ አዲስ ፍራንክ ሆነ፤ ዩሮ ሲመጣ ተጠጋግቶ አሥር ዩሮ። እንግዲህ ያ የሚያስቀው ቼክ ቀልድ አይደለም፤ የኤድሞን አምስት ሺህ ፍራንክ ራሱ ነው፤ ጊዜ አኝኮ የተፋው።

በ1919 ሌላ ውዝግብ መጣ። ጦርነቱ አልቆ አገሩ ሁሉ ስለ ቦይና ስለ ጭቃ የሚጽፍ ዘማች ይሸለም በሚልበት ጊዜ ዳኞቹ በስድስት ድምፅ ለአራት ከዘማቹ ሮላን ዶርዥሌስ ይልቅ ማርሴል ፕሩስትን መረጡ። ፕሩስት የአርባ ስምንት ዓመት ሀብታም በሽተኛ ነበር፤ ጋዜጦች አርጅቷል አሉት። ኑዛዜው ስለ ብዕር ወጣትነት የሚናገር ሆኖ ከተነበበ ግን በዚያ ዓመት ከእሱ ይልቅ ወጣት ማን ነበር? የዶርዥሌስ አሳታሚ ተሸንፎም አላረፈም፤ በመጽሐፉ ላይ በጠቀለለው ወረቀት «የጎንኩር ሽልማት» ብሎ በትልቁ፣ «ከአሥር አራት ድምፅ» ብሎ በትንሹ አተመ፤ የፕሩስት አሳታሚ ከስሶ ረታው። ፕሩስት በበኩሉ ወንድማማቾቹን በራሱ መንገድ አስታውሷቸዋል፤ ከሞተ በኋላ በ1927 በወጣው የልቦለዱ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ የእነሱን ማስታወሻ አስመስሎ የጻፋቸው ገጾች አሉ፤ ሳላውቅ ባነበው ኖሮ እውነተኛው ነው ብዬ በማልኩ ነበር።

የ1921 ታሪክ ግን ከሁሉም ይልቅ ይከብደኛል። ተሸላሚው ሬኔ ማራን ነበር፤ ከፈረንሳይ ጉያና ወላጆች የተወለደ፣ ቦርዶ የተማረ ጥቁር ሰው። ሥራው የቅኝ አገዛዝ አስተዳዳሪነት ነበር፤ ያገለግል የነበረውም ዛሬ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በምንላት በኡባንጊ-ሻሪ ነው። «ባቱዋላ» የተባለው ልቦለዱ የአንድን የአገሬው አለቃ ሕይወት፣ ቅናትና ሞት በአገሬው ዓይን ይተርካል። እሳቱ ያለው ግን መቅድሙ ላይ ነው። ማራን በዚያ መቅድም ሥልጣኔ የሚባለው ነገር በአፍሪካ ውስጥ በሬሳ ላይ የቆመ መሆኑን፣ መንደሮች በግብርና በጉልበት ሥራ እንዴት እንደጠፉ ከሥራው ባየው እየመሰከረ ጻፈ። የአገዛዙ ሹም የአገዛዙን ገመና ገለጠ።

ድምፁ አምስት ለአምስት ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ በዠፍርዋ ድምፅ ማራን አለፈ። ዜናው ሲወጣ እሱ ቻድ ውስጥ በሥራው ላይ ነበር። ፓሪስ ተናወጠች። የተወካዮች ምክር ቤት ድረስ ተነሣ፤ ጋዜጦች ውለታ ቢስ አሉት፤ «ባቱዋላ» በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ታገደ፤ ማለትም ስለ እነሱ የተጻፈባቸው ሰዎች እንዳያነቡት ተደረገ። ማራን ብዙም ሳይቆይ የቅኝ አገዛዙን ሥራ ትቶ በፓሪስ በብዕሩ ኖረ። ኤድሞን ደ ጎንኩር ሽልማቱን የመሠረተው ደራሲን ከቅጥር ነፃ ለማውጣት ነበር፤ ማራንን ነፃ አወጣው፤ ግን እንዲህ ባለ መንገድ ይሆናል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ወጣቱ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1922 ለቶሮንቶ ጋዜጣ ስለ መጽሐፉ አድንቆ ጽፏል፤ ሴንጎርም ማራንን የኔግሪቲድ ቀዳሚ አድርጎ አክብሮታል። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ የሠላሳ አንድ ዓመቱ ሴኔጋላዊ መሐመድ ምቡጋር ሳር ተሸለመ፤ ከሰሐራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያው ነው። መጽሐፉን በጋራ ያሳተሙት ፓሪስ ውስጥ ያለ አነስተኛ አሳታሚና ዳካር ያለ ሌላ አሳታሚ ናቸው።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። በ1926 የዳኞቹን ውሳኔ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ የሰለቻቸው ጋዜጠኞች የረኖዶን ሽልማት ፈጠሩ፤ በ1932 ጎንኩር ሴሊንን ሲያልፈው እነሱ አነሡት። በ1951 ዡልየን ግራክ ሽልማቱን አልፈልግም አለ። ሮማን ጋሪ በ1956 አንድ ጊዜ፣ በ1975 ኤሚል አዣር በሚል የብዕር ስም ሁለተኛ ጊዜ ተሸልሞ ሁለቴ አይሰጥም የሚለውን ደንብ አታለለ፤ ምስጢሩ የወጣው ከሞተ በኋላ ነው። ጋሪ ራሱን የገደለው ዲሴምበር 2 ቀን 1980 ነው፤ የወንድማማቾቹ ማስታወሻ በተጀመረበት ዕለት። ያ ማስታወሻ ደግሞ ኤድሞን ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ ሙሉው ይታተም ተብሎ ሳለ፣ የማኅበሩ አባላት ክስና ቅሌት ፈርተው በእጃቸው አቆዩት። በሃያ ሁለት ቅጽ የወጣው ከ1956 እስከ 1958 ነው። የመሥራቹን ገንዘብ ወርሰው የመሥራቹን ቃል አርባ ዓመት ቆለፉበት።

እኛን የሚነካ አንድ ክር ቀርቶኛል። ማኅበሩ ለመጀመሪያ ልቦለድ የሚሰጠው የተለየ ሽልማትም አለው፤ በ1997 የወሰደው ዣን-ክሪስቶፍ ሩፋን ነው፤ መጽሐፉም «ላቢሲን» ይባላል፤ አቢሲኒያዊው ማለት ነው። ሩፋን ሐኪም ነው፤ በ1980ዎቹ የረሃብ ዘመን በእርዳታ ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ልቦለዱ ከካይሮ ተነሥቶ በ1699 ጎንደር የገባውንና ታላቁን አፄ ኢያሱን ያከመውን ፈረንሳዊ መድኃኒት ዐዋቂ ፖንሴን መነሻ ያደርጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ 1985ቱ ረሃብና ስለ እርዳታ ሠራተኞች የጻፈው ልቦለድ ታሪኩን አስመራ ላይ ያቆማል። እንግዲህ ሩፋን በ2001 ስለ ብራዚል በጻፈው «ሩዥ ብሬዚል» ዋናውን ጎንኩር አገኘ። በ2008 ደግሞ የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። በኤድሞን ኑዛዜ መሠረት የአካዳሚው ወንበር ያለው ሰው በአሥሩ ማዕድ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ከጎንደር የጀመረው ይህ ደራሲ አሥር ዩሮዋን ተቀብሏል፤ ስሙ የተቀረጸበት ሹካ ግን ድሩዋን ውስጥ የለውም።